ጆሮው ያልተቀደደው ሊቀመንበር

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ባለፈው ዓመት፣ ስለ ወንዶች በምትጠይቁኝ በዚሁ ገጽ ላይ «ውጭ አገር ያለው ዶክተር ዘመዴ» ብዬ ያስተዋወቅኋችሁ ሰው ዶክተር አይደሉም። ሆነውም አያውቁም። ጋሼ የእናቴ አክስት ልጅ ናቸው፤ ሥራቸውም ጫካ ለጫካ እየዞሩ የወንድ ዝንጀሮ ዓይነ ምድር መሰብሰብ ነው። እውነቱን ልጽፍ ነበር፤ ግን ገጼ የሚወጣው ከሽቶ ማስታወቂያ ጎን ነው፣ ሽቶና ዓይነ ምድር ጎን ለጎን ደግሞ አያምርም፤ እጄ ሳላውቀው «ዶክተር» ብሎ ጻፈ።

ይህ ትንሹ ነው። ትልቁን ደብዳቤዎቹ ይንገሯችሁ። ጋሼ ያሉበት ሰፈር ስልክ አይሠራም፤ ደብዳቤ የሚገባውም የሚወጣውም በወር ሁለቴ ስንቅ በምታመጣው መኪና ነው። እንዲታተሙ እሳቸው ራሳቸው ፈቅደዋል። እኔ ያወጣሁት የቤተሰብ ሕመምንና ስለ አንዷ ምራታችን ያልነውን ብቻ ነው። ምራታችን መጽሔቱን ታነባለች።

ሐምሌ 6

ለወፌ፣

ሰላምታዬ ከመኪናው ቀድሞ ይግባልሽ፤ ቤትሽ ሰላም፣ ወገብሽ ብርቱ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

ሥራዬን አንድ ጊዜ በደንብ እንዳስረዳሽ ጠይቀሽኛል። ጠዋት ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል ሳይወርዱ ደርሰን እንጠብቃለን፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መከተል ነው። የምንፈልገው ሆርሞን ያለው ደሙ ውስጥ ነው፤ የዱር ዝንጀሮ ግን ክንዱን ለመርፌ አይሰጥም። ደስ የሚለው፣ የሆርሞኑ ርዝራዥ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ስለዚህ ወንዱ እስኪጸዳዳ እንጠብቃለን፤ ትቶት ሲሄድ ከመሃሉ በእንጨት ቆንጥረን ብልቃጥ ውስጥ እንከታለን፤ በላዩም የማን እንደሆነ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንጽፋለን። ሥራው ሁሉ ያለው «የማን» የምትለው ላይ ነው። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ናሙና ኩስ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቀመጥ ሌላው ሰው ሁሉ ተቀያይሯል፤ ዝንጀሮዎቹን በመልክ የማውቃቸው እኔ ነኝ። «ዓይናችን» ይሉኛል።

የመንጋው አለቃ ሊቀመንበሩ ይባላል። ጋማው የሸበተ፣ የግራ ጆሮው እስከ ግማሽ የተቀደደ ሽማግሌ ነው። ተቀናቃኙ አማቹ ነው፤ እንዲህ ያልነው ከሌላ መንጋ ብቻውን ስለመጣ ነው። በእነሱ ዘንድ ካደገበት ወጥቶ ሌላ ቤት የሚገባው ወንዱ ነው፤ ሲገባ ደግሞ ማንም እንኳን ደህና መጣህ አይለውም። ሴቷ ሰሞኗ ሲደርስ መቀመጫዋ አብጦ ይቀላል። ያኔ አለቃው ጎኗ ተለጥፎ ይውላል፤ በአግባቡ አይበላ፣ በአግባቡ አያርፍ። አማቹ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ያዛጋል። እንቅልፍ መጥቶበት አይደለም፤ ክራንቻውን እያሳየ ነው።

አሁን ወደ ወሬው። የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። የጥናቱ ባለቤት ዶክተሯ ቁጥሮቹን ደጋግማ አየቻቸው። ወንድ ሲያረጅ የወንድነት ሆርሞኑ፣ ቴስቶስትሮኑ፣ ይወርዳል፣ ሥልጣኑም ይከተለዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። የሊቀመንበሩ ግን ከመጋቢቱ ዝናብ በኋላ ጭራሽ ወደ ላይ ወጣ። በእሱ ዕድሜ ይህን አይታ አታውቅም። በደስታ ሰፈሩን ስትዞር ዋለች፤ እኔንም አቅፋኛለች፣ በዚያ ልብሴ።

ቸር ያሰማን።

ጋሼሽ

መስከረም 14

ለተከበሩ ጋሼ፣

አዲሱ ዓመት ለጉልበትዎ የሚራራ ይሁን። እኛ ቤት ሁሉም አለ፣ ሁሉም ያማርራል፤ ስለዚህ ደህና ነን ማለት ነው።

ሳላስፈቅድዎት አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ሊቀመንበሩን ነሐሴ ላይ በገጼ አወጣሁት፤ ርዕሱን «ደሙ ያላረጀው ሽማግሌ» አልኩት። ጋሼ፣ እንዲህ የተነበበልኝ ጽሑፍ የለም። ደብዳቤው ቢሮዬን ሞላው፤ የሚጽፉልኝ ደግሞ ወንዶች ናቸው፣ ያውም ጡረተኞች። የመንገዳችን ፀጉር አስተካካይ ገጹን ቆርጦ መስታወቱ ላይ ለጥፎታል። ሽማግሌዎቹ ተራ ሲጠብቁ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቹ ደረታቸውን ይነፋሉ። ጎረቤቴ ጡረተኛው ሹፌር የጎልማሳነት ሸሚዙን አውጥቶ ለብሷል፤ ቁልፎቹ እየተማጸኑ ነው። አዘጋጃችን በአሥር ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

በነገራችን ላይ ዶክተር ብዬዎታለሁ። አይቆጡኝ።

ሁለተኛ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ስለ ጠቡ ይጻፉልኝ። ወንዶቹ የሚጣሉት ለሴቷ ነው ወይስ ለወንበሩ? ሊቀመንበሩ አሁን እንዴት ነው? አማቹስ ተስፋ ቆረጠ?

አክባሪዎ ወፌ

ጥቅምት 28

ለወፌ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ምግብ አብሳዩ፣ የአገራችን ልጅ፣ አነበበልኝ፤ ስለ ሸሚዙ ሲደርስ ስቆ ማንበብ አቃተው። ከእንግዲህ በወፍራም ብዕር ጻፊልኝ፣ ፊደሉንም ሰፋ አድርጊው። ቀጭን ጽሑፍ አልወድም።

ዶክተር ያልሽኝን አስተካክዪ። ስለ ሊቀመንበሩም ለጊዜው አትጻፊ። ዶክተሯ ለሥራ ሄዳለች፤ የምትመለሰው መጋቢት መጨረሻ ነው። እዚህ ሙቀት ነው።

ጋሼሽ

ኅዳር 10

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይኸው ወፍራም ብዕር፤ የማስታወቂያ ክፍሉን ነው የነጠቅሁት። ፊደሉ አሁን ከመንገድ ማዶ ይነበባል።

ምነው አጠረብኝ ደብዳቤዎ? ዶክተር ስላልኩዎት ከሆነ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ስለ ሊቀመንበሩ አትጻፊ የሚሉኝ ግን አልገባኝም። አዘጋጁ ለጥር እትም ቦታ ይዞልኛል፤ ሽማግሌዎቹ በየቀኑ «ወዳጃችን እንዴት አደረ?» ይሉኛል። አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሞቷል እንዴ?

አክባሪዎ ወፌ

ታኅሣሥ 5

ለወፌ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ የልቤን ለማንበብ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ራሴ አነበብኩት፤ ስለ ብዕሩ ተባረኪ። ይህንንም የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ መስመሩ ቢጣመም ለዚያ ነው።

ሊቀመንበሩ አልሞተም። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ዶክተሯ ልትሄድ ስትል መመገቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቅላ ፎቶ አሳየችን። በሰኔ ያነሳችው የሊቀመንበሩ ፎቶ መጣ፤ ፊቱ በር ያህላል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ላጨበጭብ እጄን አነሳሁ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ሙሉ ነበሩ።

ሌላ ማንም ልብ አላለም። አዲሶቹ ልጆች የዝንጀሮዎቹ ጆሮ የተሳለበትን የቆየ መዝገብ አላዩትም፤ ዶክተሯም ሁልጊዜ እኔ በጣቴ ያሳየኋትን ነው የምታነሳው።

ወፌ፣ ዓይኔ ከደከመ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። እንፋሎት በያዘው መስኮት እንደማየት ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ የሚሉኝን ስም ታውቂያለሽ። ጆሮው አልታይ ሲለኝ በጠባይ መለየት ጀመርኩ። ከሴቷ ጎን የሚሄደው ሊቀመንበሩ ነው። ሲመጣ ሌሎቹ የሚነሱለት ሊቀመንበሩ ነው። ዳር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የሚያዛጋው አማቹ ነው። ብዙ ጊዜም ሠራልኝ። ከዚያ በመጋቢት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ሦስት ሳምንት ከሰፈር አልወጣንም። አማቹ ሊቀመንበሩን ያወረደው ያኔ ነው። ጠቡን ማንም አላየም። ስንመለስ እኔ የድሮውን ስም ለአዲሱ አለቃ ሰጠሁት፣ የወረደውን ደግሞ አማቹ አልኩት።

ነገሩ ገባሽ? አለቃ የሆነውን ሁሉ ሊቀመንበር እያልኩ ብልቃጥ ላይ ስጽፍ፣ ሊቀመንበሩ በምን ይወርዳል? ደሙስ በምን ያረጃል? ያ ላቦራቶሪውን ያስደነቀው ደም የሽማግሌው አይደለም፤ የጎልማሳ ነው።

ዶክተሯ ይህንን ግንቦት ላይ በትልቅ ጉባኤ ፊት ትናገረዋለች። ብነግራት እዚህ ያለኝ ነገር ያልቃል፤ ማየት የማይችል ዝንጀሮ ተከታይ የትም አይፈለግም። ባልነግራት ማንም አያውቅም። ከዚህ ሌላ ቤት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። አንቺ ሰው የምታውቂ ሴት ነሽ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

ጋሼሽ

የካቲት 18

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰቡ ይድረስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ምን ያልሆንነው ነገር አለ ብለው ነው። የመሥሪያ ቤታችን አሳንሰር ከተበላሸ ሁለት ወሩ ነው፤ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በእግር ስንወጣ አዘጋጁ በየፎቁ እየቆመ ስለ አገሪቱ ሁኔታ ያወያየናል፤ ትንፋሹን እየሰበሰበ መሆኑን የማናውቅ መስሎት። ኋላ ደግሞ ጥርሱን ታመመ። የእኛም ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ በኮሪደሩ በኩል ነበር፤ ጠጋኙ መጥቶ ከነካካው በኋላ ግን በሳሎኑም ሆነ። ጠጋኙ «አሁን ችግሩ ታወቀ» ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። የኋለኛው ክፍል ደህና ነው፤ አሮጌ መጽሔት ነው የሞላው።

ጎረቤታችን ሹፌሩ ልጁን ዳረ። የሰርጉን ሁሉ ብጽፍልዎት ወረቀት አይበቃኝም፤ ግን የሙሽራው እናት ፎቶ ላይ አልወጣም ብለው...

(እዚህ ላይ አንድ ገጽ ተኩል ቀንሻለሁ። ሰርጉን የሚያህል ነገር የለም፤ እኔም የጻፍኩት ለዚያ አልነበረም።)

ዓይንዎን ይጠንቀቁ። ካሮት ይረዳል ይባላል።

አክባሪዎ ወፌ

የካቲት 30

ለወፌ፣

ሰላም ሁኚልኝ። ሦስት ገጽ ጽፈሽልኛል፤ ምስጋናዬ ብዙ ነው። የአሳንሰሩን ነገር አውቄያለሁ። የሰርጉንም አውቄያለሁ። የጠየቅሁሽን ግን አላገኘሁትም። አልተቆጣሁም። ደክሞኛል ብቻ።

ዶክተሯ መጋቢት ሃያ ሰባት ትገባለች።

ጋሼሽ

መጋቢት 9

ጋሼ፣

እንደምን ነዎት ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ።

የታኅሣሡ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የጥር እትም ገና ማተሚያ ቤት አልገባም ነበር። ሁለተኛውን ጽሑፍ ከድሮ ደብዳቤዎችዎ ቀጣጥዬ ጨርሼው ነበር። «ሊቀመንበሩ አሁንም በወንበሩ» የሚል ነበር። ደብዳቤዎን አነበብኩ፣ አጠፍኩት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ጽሑፉንም ላክሁት። ከመጀመሪያው በላይ ተነበበ። ዝም ያልኩዎት ለዚያ ነው። ለእርስዎ «ይንገሯት» ብል ለራሴም ማለቴ ነበር።

ትናንት ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ካለፈው መጋቢት ጀምሮ ከሥልጣን ወርዷል፣ ስህተት ጽፌያለሁ አልኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ቆመ። ወንበሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ፣ ግማሽ ራሳቸው ተስተካክሎ ግማሹ ቀርቶ፣ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና «ታዲያ እሱ ቢወርድ እኛ ምን አጠፋን? ተዪው እባክሽ፣ ይቆይ» አሉኝ። ገጹን ልገነጥል እጄን ዘረጋሁ፤ ሁለት ሰው ያዘኝ። አሁንም እዚያው ነው።

እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ ጠይቀውኝ ነበር። ያደረግሁትን ነገርኩዎት፤ እርስዎ እንደኔ አያድርጉ። ይንገሯት። ጉባኤው ፊት ቆማ ከምትሰማው፣ ከእርስዎ ትስማው። እኔም በገጼ እናገራለሁ፤ አዘጋጁ ደስ አይለውም፣ ጥርሱም ገና አልዳነም።

ወፌ

ሚያዝያ 2

ለወፌ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ደብዳቤሽ ዶክተሯ ከመጣችበት መኪና ጋር ነው የደረሰኝ። ከእሷ ቀድሜ አነበብኩት። ጥሩ አደረግሽ።

ነገርኳት። መመገቢያው ክፍል ውስጥ ነበርን፣ ገና ዕቃዋን አላወረደችም። መዝገቡን ከፍቼ የድሮውን የጆሮ ሥዕል ከሰኔው ፎቶ ጎን አስቀመጥኩላት። ብዙ ሰዓት አየችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ «እርግጠኛ ነዎት ወይ ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅሁዎት?» አለችኝ።

«በየቀኑ» አልኳት።

«ምን ይሉኝ ነበር?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ተነስታ ወጣች። ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም፤ ምግብ አብሳዩ በእሷና በእኔ መካከል ጨው ሲያቀባብል ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን መዝገቡንና ፎቶዎቹን ይዛ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ በየቀኑ የተነሳውን ፎቶ እያየን፣ ጆሮ የሚታይበትን ቀን ናሙና ስሙን አስተካከልን። ጆሮ የማይታይበትን ሁሉ ሰረዝን። ከአንድ ዓመት ሥራ ሩብ ያህሉ ተረፈ። የግንቦቱን ንግግር ሰርዛለች። «ደግነቱ ስሜን ገና አላሰደብኩም» አለች፤ ስትቀልድ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

የተረፈው የሚለውን ልንገርሽ፤ ለገጽሽ ይሆንሻል። የእውነተኛው ሊቀመንበር ቴስቶስትሮን ከወረደ በኋላ በግማሽ ቀንሷል። የጭንቀት ሆርሞኑም አብሮ ወርዷል። አማቹ ግን ከነገሠ ወዲህ ሁለቱም ሰማይ ነክተዋል፤ ሴት ሲጠብቅ ይከሳል፣ ጎረምሶቹ ዙሪያውን ያዛጋሉ፣ ትከሻው ላይ ቁስል አለው። ሽማግሌው ከአንዲት አሮጊት ጋር ተቀምጦ ቅማል ያስለቅማል፤ ግልገሎች ጀርባው ላይ ይወጣሉ። ዳር ሲቀመጥ ሳየው ያዘነ ይመስለኝ ነበር። ቁጥሩ ግን አርፏል ይላል። የሁለት ዝንጀሮ ነገር ነው፣ ሕግ አታድርጊው ብላለች ዶክተሯ። ደግሞ እኔን ከእሱ ጋር ልታመሳስዪኝ እንደሚያምርሽ አውቃለሁና ተዪው። እኔ አላረፍኩም።

ዓይኔ በሐኪም እስኪታይ ናሙና እንዳልሰበስብ አዛለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ሰፈር ቀረሁ። ብልቃጥ አጥባለሁ። በሚቀጥለው መኪና ከተማ ወርጄ የዓይን ሐኪም ያየኛል። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፤ ዶክተሯ ቦታዬ ይጠብቀኛል ብላለች። ሞራ ካልሆነ ግን እዚህ የምሠራው የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱ ምንም ቢሆን አልቀየምም። የኋለኛው ክፍል ከአሮጌ መጽሔት ሌላ ሰው ያስገባል?

ጋሼሽ

እንግዲህ ይህ ነው። አዘጋጁ «ትንሽ ማስተካከያ ታች ጥግ ላይ ይበቃል» ብሎኝ ነበር፤ ሙሉ ገጹን ካልሰጠኸኝ ደብዳቤዎቹን ፀጉር ቤት እለጥፋለሁ አልኩት፤ ሰጠኝ። ሊቀመንበሩ ወርዷል። ዘመዴም ዶክተር አይደሉም። ደሙ ያላረጀ ሽማግሌ እኔ ጋ የለም፤ ሁለተኛውን ጽሑፍ ደግሞ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ነው ያስነበብኳችሁ፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለጋሼ መልስ የጻፍኩት በዕለቱ ነው፣ በወፍራም ብዕር፣ በአንድ መስመር። ቅዳሜና እሁድ መጽሔቶቹን ተሸክሜ አወጣሁ፣ ግድግዳውን አጠብኩ፣ አልጋ አስገባሁ። ወገቤ እስካሁን አልተመለሰልኝም። አልጋውን አንጥፌ ስጨርስ በሩ ላይ ቆሜ ባዶውን ክፍል አየሁት፤ ዓይናቸው ድኖ እዚያው ቢቀሩ፣ ባይመጡ ብዬ ተመኘሁ።

መኪናዋ ሐሙስ ትወጣለች። ሞራ ይሁን ሌላ፣ የዓይን ሐኪሙ ያለውን እንዳለ አስነብባችኋለሁ፣ ሳላሳምር። እስከዚያ ድረስ ስለ ወንዶች ምንም አትጠይቁኝ።